ፌሎሺፕና ወንፈል፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሰዓቱን የመዘገብኩት አውቶቡሱ በዐሥር ሰዓት ተኩል ይነሣል ተብሎ ስለነበረ ነው። ሾፌሩን ስለ መዘግየቱ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ዋናው በሰላም መድረስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጥያቄዬን አልመለሰውም፤ እኔም ወደ መቀመጫዬ ሄድኩ።

የጉዞዬን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። የልጄ ልጅ መቅደስ በአፈር ሳይንስ ተመርቃ ገና ሥራ ሳትይዝ፣ መንግሥት ለጀማሪ ምሩቃን ባዘጋጀው የአንድ ዓመት የሥራ ላይ ልምምድ ተመርጣ ወደ አዊ ዞን ተመደበች። እነሱ «ፌሎሺፕ» ይሉታል፤ ተመራጩን ደግሞ «ፌሎ»። እኔም የአማርኛ ምትክ ፈልጌ ስላላረካኝ እንዳለ ወስጄዋለሁ። እያንዳንዱ ፌሎ በዓመቱ ውስጥ አንድ የራሱን ሥራ መሬት ላይ ሠርቶ ማሳየት አለበት። መቅደስ የመረጠችው ኖራ ነው፦ የዳንግላ አካባቢ አፈር አሲዳማ ስለሆነ፣ የአንድ ገበሬ ማሳ ከፊሉ ኖራ ተበትኖበት ከፊሉ ሳይበተንበት ጤፍ ተዘርቶ፣ ምርቱ ሊነጻጸር ነበር። ማሳየት ያለባት የዚያው ሳምንት ዓርብ፣ እንጅባራ ላይ፣ በገምጋሚዎች ፊት ነው። ያለፈ ሁለተኛ ዓመት ይጨመርለታል፤ ያላለፈ ልምምዱ በታኅሣሥ መጨረሻ ያበቃለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ደወለችልኝ። «አባባ፣ ገበሬው ጤፉን አላጭድ አለኝ። ዛሬ ነገ ይለኛል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረኝም።»

እናቷ «ይዘሃት ና፤ በቃት» አለችኝ። እኔ ግን የተነሣሁት ላስጨርሳት ነው።

መቀመጫዬ መስኮት አጠገብ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት የጫግኒ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ስማቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ። የዓባይ በረሃ እንደ ምድጃ ሲያነድደን መስኮቱን ከፈትኩ።

«አባቴ፣ ይዝጉት እንጂ፤ ንፋስ ይመታናል።»

«እመቤት፣ ሙቀቱ ነው የሚመታን።»

«ሙቀት ማንን ገድሎ ያውቃል? ብርድ ነው የሚገድል። እኛ ጫግኒ ቆላ ነን፤ ሙቀቱን እናውቀዋለን፣ አይክድም።»

ከኋላችን ያሉት ሁሉ ከእሳቸው ጋር ወገኑና መስኮቱ ተዘጋ። በተማርኩት ሳይንስ ላይ በድምፅ ብልጫ ስሸነፍ የመጀመሪያዬ አይደለም። ወይዘሮዋ ግን ድላቸውን ብቻቸውን አልበሉትም፤ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ በመዳፌ ላይ አፈሰሱልኝና እስከ ደጀን በሰላም ቆረጠምን። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን። የነቢያት ጾም ገብቷልና ሽሮ ነበር፤ ከአዲስ አበባው የሚለየው ሽሮ መሆኑ ላይ ነው። የእኛ ሰፈር ሽሮ ከዱቄት ይልቅ ውኃውን የሚያምን ሆኗል።

ከትሊሊ በኋላ አየሩ ተለወጠ። መንገዱ ግራና ቀኙን ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ተሞልቷል፤ በየደጁ የከሰል ጆንያ ቆሟል። ረዳቱ «ቆሰበር ወራጅ!» እያለ ሲጮኽ እኔ እንጅባራን እየጠበቅሁ ተቀምጬ ቀረሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎሸም አደረጉኝ፦ «አባቴ፣ ቆሰበር ማለት እንጅባራ ነው። እኛ በድሮው ስሟ ነው የምንጠራት። የነገሩኝ ልጅዎ ያቺ አይደለችም?»

መቅደስ ነበረች፤ ጋቢ ለብሳ ቆማለች። አዲስ አበባ ሳለች ጋቢ የሽማግሌ ልብስ ነው ትል ነበር።

*

ማክሰኞ። የእንጅባራ ብርድ የማንንም ማዕረግ አይመለከትም። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ሦስት ብርድ ልብስ ሰጥቶኝ አራተኛ ለመለመን አፍሬ አደርኩ። ጠዋት ከበር እንደ ወጣሁ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጫማው ጥሩ የጣሊያን ቆዳ ነው፤ ለክብር ቀን እያልኩ ለብዙ ዓመታት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በመቀመጥ ብዛት እንደሚበሰብስ አላሰብኩም። የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ አዲሴ ከጓዳ የጎማ ቦቲ አውጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ።

«ሲመለሱ ይመልሱልኛል።»

«ባልመለስስ?»

«ታዲያ በባዶ እግርዎ የት ሊሄዱ ነው?»

ስለዚህ ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር ለብሼ፣ በጎማ ቦቲ ወደ ቢሮ ገባሁ። የፌሎዎቹ አስተባባሪ ትሑትና ጥንቁቅ ወጣት ነው። ቦቲዬን አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ወንበር ሰጠኝ። «ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ አባቴ። በአካል ያልተገኘ ፌሎ ስሙ ለገምጋሚዎቹ አይቀርብም። ለሁሉም እኩል ነው።» ወደድኩት። በእኔ ዘመን እንደዚህ ባለ ሰው ሥር ብሠራ ኖሮ ብዙ ንዴት በቀረልኝ።

ከሰዓት በኋላ ከመቅደስ ጋር ዝግጅቷን ስንመረምር ዋልን። ለወጣት እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቱ አንዴ ነው የሚገጥመው፤ እንዴት ይጠቀምበት ለሚለው ጥያቄ የቆየ መልስ አለኝ፦ የተመደብክበትን ቢሮ ሥርዓት እወቅ፣ ከባለሙያዎቹ ተጠጋ፣ በሰዓትህ ተገኝ፣ የጀመርከውን ጨርስ። መቅደስ ሁሉንም አድርጋለች። የአፈር ናሙናዋን ራሷ ወስዳለች፤ ኖራውን ለማግኘት ከሦስት ቢሮ ጋር ተሟግታለች። በሰኔ ኖራው ሲበተንና ጤፉ በመስመር ሲዘራ፣ የገበሬውን የአያ ይርሳውን ጉልበት ላለመሻማት ከዳንግላ ከተማ የቀን ሠራተኛ ቀጥራ አሠርታለች።

«በጀቴ ላይ ለጉልበት የተፈቀደ ነበር። አያ ይርሳውንም ጎረቤቶቹንም አንዲት ቀን አላስቸገርኩም» አለችኝ።

«ደግ አድርገሻል» አልኳት። ያልኩትን እዚህ ማስፈሬ ግድ ነው፤ በማግሥቱ ያስፈልጋልና።

*

ረቡዕ። በሚኒባስ ዳንግላ ገባን፤ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ እግር። ባጃጁ ድልድይ ከሌለው ወንዝ ዳር ጥሎን ተመለሰ፤ ቦቲው የዚያን ጊዜ ከጣሊያን ቆዳ በላጭ መሆኑን አስመሰከረ።

ዙሪያው ሁሉ ታጭዷል። ጤፉ በየማሳው ተከምሮ፣ ከብቶች ቃርሚያው ላይ ተለቅቀዋል። በዚያ ሁሉ ባዶ መሬት መሃል አንድ ማሳ ብቻ ቆሟል፤ መቆሙንም እንጃ፣ እኩሌታው ተኝቷል። መቅደስ አንድ ዘለላ በመዳፏ ስታሸው ፍሬው ወዲያው ረገፈ። በምዕራብ በኩል ያለ ወቅቱ የመጣ ጥቁር ደመና ተኮልኩሏል።

አያ ይርሳው ጎልማሳ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤንነቴ፣ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ጠየቁኝ። ስለ ጤፉ ስጠይቃቸው ግን «ይታጨዳል፤ እግዜር ካለ» ብቻ።

«መቼ?»

«እንግዲህ… ሰሞኑን።»

ባለቤታቸው እታገኝ የተቀቀለ ድንችና አዋዜ አቀረቡልን። የአዊ ድንች የአዲስ አበባን ድንች ያሳፍራል፤ እንደ ዳቦ ነው የሚፈረፈረው። ሁለተኛውን እየላጥኩ ሳለሁ እታገኝ መሶቡን ወደኛ ገፋ አድርገው «እኔ ልንገራችሁ?» አሉ።

«ዝም በይ» አሉ አያ ይርሳው።

«ምን ዝም እላለሁ? እኔ ዝም ብል ጤፉ መርገፉን ይተዋል? ሰው የለንም፣ አባቴ። ወንፈሉ ትቶናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቀበሌ ማንም ብቻውን አያጭድም። የይርሳው ቤትና ሌሎች ስምንት ቤቶች በአንድ ወንፈል ታስረዋል፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን እያሉ በተራ ይሠራሉ፤ ቀን የሰጠህን በቀን ትመልስለታለህ። በሰኔ የይርሳው ተራ ሲደርስ ጎረቤቶቹ ሊመጡ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ከከተማ በደመወዝ የመጡ ሰዎች ማሳው ላይ ተሰልፈው አገኟቸው። ከመንገድ ተመለሱ። ይርሳው «ሰው ገዛ» ተባለ፤ ሰው የገዛ ደግሞ ወንፈል አያስፈልገውም። መኸር ሲደርስ ማንም ማጭዱን ይዞ አልመጣም።

መቅደስ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። «አሁንስ የቀን ሠራተኛ ብናመጣ? በራሴ ደመወዝ?» አለች።

እታገኝ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስታ የለበትም። «ልጄ፣ እሱማ ከነጭራሹ ከወንፈሉ መውጣት ነው። አንቺ ነገ ሸገር ትገቢያለሽ። እኛ ቤታችን ቢያፈስ ማን ይከድንልናል? ብንሞት ማን ይሸከመናል?»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ይርሳው?»

አያ ይርሳው ወደ ደጁ እያዩ መለሱ። «እንግዳ ነሽ። ለኛው ብለሽ ነው የደከምሽ። እንግዳን አጥፍተሻል ይባላል?»

ማታ እዚያው አያ ይርሳው ቤት መደብ ላይ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ አንድ ነገር ነው። መቅደስ ጎረቤቶቹን ላለማስቸገር የተጠነቀቀችው ጥንቃቄ እኛ ቤት እንደ ጨዋነት የሚቆጠር ነው። በከተማ ጎረቤት ማለት የማታስቸግረው ሰው ነው። እዚህ ግን የማታስቸግረው ሰው ጎረቤትህ አይደለም።

*

ሐሙስ፣ በ፲፱፣ ገብርኤል ነው። የእርሻ ሥራ የለም፤ ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ለሽምግልና ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። እኔ ሽማግሌ ሆኜ፣ መቅደስ ከኋላዬ፣ አያ ይርሳው ከእሷ ኋላ ሆነን ሄድን። የወንፈሉ አባት አያ ታፈረ ይባላሉ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። እርስ በርሳቸው በአዊኛ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ።

ንግግሬን በሌሊት አዘጋጅቼው ነበር። ስለ አፈር መኮምጠጥ፣ ስለ ኖራ ጥቅም፣ ስለ አገር ልማት ጀመርኩ። አያ ታፈረ በትዕግሥት ሰሙኝና እጃቸውን አነሡ።

«አባቴ፣ ይቅርታ፤ ከኖራው ጋር አልተጣላንም።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ንግግሬን አጠፍኩት።

«እኛ የተጣላን» አሉ ቀጥለው «አንድ ሰው ተራው ሲደርስ ሰው ገዝቶ በመጠበቁ ነው። በሬ ጠምደን ልንመጣ ስንል ማሳው ሞልቷል። እኛ ምን ሆነን? ታመን ነበር? ሞተን ነበር?»

መቅደስ ከኋላዬ ወጥታ ቆመች። «የቀጠርኩት እኔ ነኝ። አያ ይርሳው አላዘዙኝም፤ እሺ ያሉኝ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ካሳሽ ምንድን ነው? ብር እንዳትይ ብቻ!»

«ቀን ነው» አለች። «ለየቤታችሁ አንድ አንድ ቀን።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ግማሽ ሰው ነሽ! ለየቤቱ ሁለት ሁለት ቀን ትምጣልን!»

«ኮምፒዩተሯን ትያዝልን፤ እሱ ይጨድ!» አለ ሌላው። ሳቁ ከቅጥሩ ውጭ ተሰማ። አያ ታፈረ ግን አልሳቁም፤ እያስተዋሏት ነበር።

«አንድ ቀን ይበቃል» አሉ። «ወንፈል ጉልበትን አይመዝንም፤ መምጣትን ነው። ነገ እንገባለን። ቅዳሜ ጽዮን ማርያም ነው፣ እሑድ ሰንበት፣ ሰኞ ጊዮርጊስ። ከነገ ካለፈ ያ ጤፍ ለወፍ ነው። አንቺም ከፀሐይ ጋር ማሳው ላይ ትገኛለሽ። አንቺ በሌለሽበት ግን አንዱም አይገባም።»

ነገ ማለት ዓርብ ነው። መቅደስ ፊቴን አየች፤ እኔም ፊቷን።

ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። አስተባባሪው በጨዋነት ሰምቷት፣ በጨዋነት ያንኑ ደገመላት፦ በአካል ያልተገኘ ስሙ አይቀርብም፤ እሷን ቢያልፋት ሌላውን ምን ይለዋል? ማዘኑን ነገራት። ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ተሟገትን። «በሌሊት ተነሥተሽ ሂጂ» አልኳት። «ለአያ ታፈረ እኔ እነግራቸዋለሁ። የጀመርሽውን ነገር በሥርዓቱ መዝጋት አለብሽ፤ የዓመቱ ልፋትሽ የሚለካው ነገ ነው።»

«ጤፉም የሚታጨደው ነገ ነው፣ አባባ።»

«ሁለተኛ ዓመት ብታገኚ ለሌላ ብዙ ገበሬ ትጠቅሚያለሽ።»

«ሄጄ ምን ላሳያቸው? ያልታጨደ ማሳ? ወደ እነዚህስ ማን ነኝ ብዬ እመለሳለሁ? እንግዳ ነበርኩ ብዬ?» ዞር ብላ አየችኝ። «እርስዎ የጀመርሽውን ጨርሺ ነው ያሉኝ። የጀመርኩት የቱን ነው?»

በሕግም በሎጂክም ለመመለስ ሞከርኩ። ክርክሬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። እሷን ግን አላሳመነም፤ እኔም ከወንዙ ማዶ ስንደርስ መከራከሬን ተውኩ።

*

ዓርብ። ፀሐይ ስትወጣ ስምንቱም ቤት መጥቷል። መቅደስ በሰልፉ መካከል ገባች፤ አያ ታፈረ ከቀኟ። ማጭዱን እንደ ብዕር ያዘችው፤ የሳቅ መነሻ ሆነች።

«ፌሎዋ! ጤፉን አታክሚው፤ እጨጅው!»

«በሽተኛው ተኝቷል እኮ፣ ምን ታድርግ!» አለች አንዲት ነዶ አሳሪ፤ የተኛውን ጤፍ ማለቷ ነው።

ጀርባዬ ለማጨድ ስለማይታዘዝልኝ እኔ ነዶ ለማሰር ተመደብኩ። ያሰርኩት ሲፈታ፣ ያቺው ሴት እየመጣች ታጠብቅልኝ ነበር። መቅደስ ገና በጠዋት ጣቷን ቆረጠች፤ እታገኝ በጨርቅ አሰሩላትና ተመልሳ ገባች። ሰልፉ እየቀደማት ሲሄድ፣ የእሷ ፈር ሳይታጨድ ወደ ኋላ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ቀረ። ያን ጊዜ አያ ታፈረ የራሳቸውን ትተው የእሷን ፈር ከፊት በኩል እያጨዱ መጡላት፤ መሃል ላይ ተገናኙና ሰልፉ እንደገና ተስተካከለ። ይህን አራት አምስት ጊዜ አደረጉ። ማንም አላመሰገናቸውም፤ ምስጋና የሚገባው ሥራ መሆኑንም ያሰበ አልነበረም።

አንድ ጭንቀት ደግሞ ነበረ። ኖራ ያለበትና የሌለበት ጤፍ ከተደባለቀ የዓመቱ ሥራ ከንቱ ነው። መቅደስ ሁለቱን ወገን የሚለዩትን ችካሎች እያሳየች አስረዳች፤ አጫጆቹ ግን ጤፍ ጤፍ ነው ብለው አንድ ላይ መከመር ጀምረዋል። «አያ ታፈረ!» ብላ ጮኸች፤ ከእንባ የቀረበ ድምፅ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩአትና በአዊኛ አንድ ቃል ተናገሩ። የተደባለቀው ጥቂት ነዶ ለብቻው ተገለለ፤ ከዚያ በኋላ የኖራው ከምዕራብ፣ ሌላው ከምሥራቅ ተከመረ። የቱ ክምር እንደሚበልጥ ሁላችንም በዓይናችን ለካን፤ ለካንና ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ጤፍ በአውድማ እንጂ በክምር አይፈረድበትምና።

ዝናቡ አልመጣም። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይበልጥ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ደመናው ወደ ጣና ተሻግሮ ሄደ። ማታ ጠላና የባቄላ ንፍሮ ቀርቦ ሳለ፣ አያ ይርሳው ቀን ለሰጧቸው ሁሉ ቆመው አመሰገኑ። መቅደስ ዘንድ ሲደርሱ ግን ስሟን ብቻ ጠርተው ዋንጫዋን ሞሉላት።

ቅዳሜ በዓሉን አብረን ዋልን። እሑድ ወደ እንጅባራ ተመልሼ ቦቲውን ለወይዘሮ አዲሴ አስረከብኩ፤ ጫማዬን አሰፍተው አስቀምጠውልኛል። ሰኞ ቢሮው ሲከፈት ሄጄ አስተባባሪውን አገኘሁት። መቅደስ የት እንደነበረች፣ ለምን እንደነበረች፣ ቦታ ሳልዘል ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ለበላዮቹ እንደሚያቀርበው ነገረኝ፤ ተስፋ ግን አልሰጠኝም፤ እኔም እንዲሰጠኝ አልጠየቅሁትም። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ለእናቷ «አላመጣኋትም» ከማለት በቀር ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ቤቴ ተቀምጬ ነው። ጤፉ ገና አልተወቃም፤ ኖራው ይጥቀም አይጥቀም አይታወቅም። ስለ ሁለተኛው ዓመት ከቢሮው መልስ አልመጣም። የመቅደስ ልምምድ በታኅሣሥ መጨረሻ ያበቃል፤ ለስምንቱ ቤቶች ቃል ከገባችው ቀን ውስጥ የሚበዛው ግን ጥር ላይ፣ በውቂያ ጊዜ የሚደርስ ነው። እንደምትገኝ ነግራቸዋለች። የመንግሥት ፌሎ ሆና ይሁን ወይስ በማን ስም፣ የት አድራ፣ በምን ተዳድራ፣ ይህ ገና አልተወሰነም።